ከታኮ እስከ ተለጣፊ ወረቀት፤ አልይዝ ያለው የእጅ ፍሬን ታሪክ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ አሮጌ ሚኒባስ ሲቆም ቀድሞ የሚወርደው ተሳፋሪ አይደለም፤ ረዳቱ ነው። በሩ በቅጡ ሳይከፈት ዘሎ ይወርድና ድንጋይ ይፈልጋል። ያገኘውን ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር ይወሽቃል፣ በእግሩ ጠበቅ ያደርገዋል፣ ከዚያም የመኪናውን ጎን በእጁ መታ መታ ያደርጋል። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብሎ ያነሳል። መኪናው ጥቂት ወደ ኋላ ሸርተት ይልና ድንጋዩ ላይ ይደገፋል። ተሳፋሪው ለአፍታ ክው ይልና ወሬውን ይቀጥላል።

የከተማው ሰው ይህን ለምዶታል። ግን በዚያው መኪና ውስጥ፣ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ይህንኑ ሥራ እንዲሠራ የተፈጠረ ማንሻ አለ። የእጅ ፍሬን ይባላል። ሲስቡት እስከ ላይ ይመጣል፤ ግን አይይዝም። ስለዚህ እንደ ጌጥ ተቀምጧል፤ አንዳንዴም የሾፌሩ ጃኬት መስቀያ ይሆናል።

አንድ መኪና መሄዱን ሁሉም ያደንቅለታል። መቆሙን ግን የሚያስታውስ የለም፤ የሚታወሰው ሳይቆም የቀረ ዕለት ነው። የእጅ ፍሬን ታሪክም የዚህ መዘንጋት ታሪክ ነው። ማን ይያዘው? ብረቱ፣ ሰው፣ ወይስ ወረቀት?

የጫማ ሰፊው ቆዳ

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ሴትና ከአንድ ጫማ ሰፊ ነው።

ካርል ቤንዝ በጀርመን አገር ለሞተር መኪናው የፈጠራ መብት የጠየቀው በጥር 1886 (እ.ኤ.አ.) ነበር። መኪናው ተሠራ እንጂ ገዢ አላገኘም። በነሐሴ 1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ሳትናገር፣ ከማንሃይም ተነሥታ እናቷ ወደሚኖሩበት ወደ ፎርትስሃይም ነዳች። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ዘመን ነዳጅ ማደያ ስላልነበረ ነዳጁን ከመድኃኒት ቤት ገዛች። ዳገት ሲመጣ ልጆቹ ወርደው ገፉ።

ትልቁ ችግር ግን ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነበር። የመኪናው ፍሬን ጎማው ላይ የሚጫን የእንጨት ቁራጭ ነው። እንጨቱ በሰበቃ እየተበላ አለቀ። ቤርታ መንገድ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ ፈልጋ እንጨቱ ላይ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች። ዛሬ የፍሬን ሸራ የሚባለው ነገር የመጀመሪያው ቅርጽ ይኸው ነው። የተፈለሰፈው በፋብሪካ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ፣ በጭንቅ ሰዓት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ ተመሳሳይ ነገር አስተዋለ። ባለጋሪዎች ቁልቁለት ሲወርዱ በፍሬን እንጨታቸው ላይ ያረጀ ጫማ ይመቱበታል። ፍሩድ የጫማውን ሥራ የሚሠራ፣ ከጥጥ ተሸምኖ በሙጫ መሰል ነገር የተነከረ ማልበሻ መሥራት ጀመረ። ከስሙ ፊደሎች "ፌሮዶ" የሚል የንግድ ስም አወጣ። የኢትዮጵያ መካኒክ ዛሬም "ሸራ" የሚለው ነገር በርግጥም አንድ ጊዜ ሸራ መሰል ጨርቅ ነበር። በኋላ ጥጡ ሙቀት አልችል ሲል አስቤስቶስ ተተካ። የአስቤስቶስ ነገር ወደ ኋላ ይነሣል።

ተረከዝ ያለው መኪና

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሌላ ጉድ ነበረባቸው። ብዙዎቹ ፍሬናቸው በመሽከርከሪያው ላይ ከውጭ የሚጠመጠም ቀበቶ ነበር። ቀበቶው መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ራሱ እየጠበቀ ይይዛል፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ግን ይላላል። ዳገት ላይ ቆሞ ለቀረ መኪና ከዚህ የከፋ ነገር የለም። መፍትሔው ምን ነበር? ከመኪናው ሆድ ሥር የተንጠለጠለ ጫፉ ሹል ዘንግ። ዳገት ሲጀመር ሾፌሩ ዘንጉን ይለቀዋል፤ ከኋላ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይከተላል፤ መኪናው ወደ ኋላ ሊል ሲል መሬት ላይ ተተክሎ ይይዘዋል። ያለ ረዳት የሚሠራ ታኮ ማለት ነው።

በ1902 ሉዊ ሬኖ የታምቡር ፍሬንን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሁን ሸራው ከውጭ አይጠመጠምም፤ ታምቡሩ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ውጭ ይገፋል። ጭቃና አቧራ በቀላሉ አይደርስበትም፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይይዛል። የብዙ አሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ከ1908 እስከ 1927 በተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ደግሞ የእጁ ማንሻ የኋላ ታምቡሮችን የሚይዘው እሱ ነበር። የእግሩ ፍሬን የሚይዘው ካምቢዮ ውስጥ ነው። ጠዋት ዘይቱ በብርድ ሲወፍር መኪናው በማንሻ ተቀስቅሶ እንደተነሣ ባለቤቱን ይገፋው ነበር። የእጅ ፍሬኑ በደንብ ካልያዘ ባለቤቱ በራሱ መኪና ይገጫል።

ቀጥሎ በዘይት የሚሠራው ፍሬን መጣ። ፎርድ ወደዚህ የገባው ዘግይቶ በ1939 ነው። ዘይት ጉልበት ይሰጣል፤ ግን ይፈሳል። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ መኪኖች የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ የዘይት መስመር ነበር የሚሠራው። አንድ ቦታ ከቀደደ ሁሉም ይሄዳል። ለዚህ ነው የእጅ ፍሬኑ ዘይት ሳያስፈልገው በካቦ እንዲሠራ የተተወው። አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ "የአደጋ ጊዜ ፍሬን" ሲሉት የኖሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ዋናው ሲከዳ የቀረው እሱ ነው።

ከምኒልክ ግቢ እስከ ቮልስ

ኢትዮጵያ መኪናን ያወቀችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዲ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ መኪና የሚሄድበት መንገድ በሌለበት አገር፣ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራራ ወገብ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሜዳ አገር ለሚነዳ ሰው የእጅ ፍሬን ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ከቤቱ ደጃፍ ያቆመ ሰው ሁሉ ዳገት ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ ነው ያቆመው።

የመኪና ቋንቋ የመጣው ከጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ልጆች ናቸው። "ታኮ" ራሱ በጣሊያንኛ የጫማ ተረከዝ ማለት ነው። ከቤርታ ቤንዝ ጫማ ሰፊ እስከ ጣርማ በር መኪና ረዳት ድረስ፣ መኪናን የማቆም ታሪክ ከጫማ አልራቀም።

ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የኖሩት መኪኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። ላንድሮቨር የእጅ ፍሬኑ ጎማ ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮው ጀርባ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ነው። ጭቃ ውስጥ ጥሩ ይይዛል። ግን ወጥመድ አለበት፦ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሱት ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ በነፃ እንዲዞር ስለሚያደርግ፣ የእጅ ፍሬኑ የተሳበ ቢሆንም መኪናው ሊሄድ ይችላል። ይህን ሳያውቅ ጎማ ሊቀይር የተንበረከከ ሰው አደጋ ላይ ነው።

ላዳን ደግሞ እንውሰድ ቢባል፣ መነሻዋ ፊያት 124 ናት። የጣሊያኑ መኪና የኋላ ፍሬኑ ዲስክ ነበር። ሶቪየቶች ለአገራቸው ጭቃና ጠጠር ብለው በታምቡር ቀየሩት። ላዳ በአዲስ አበባ ታክሲነት ስንት ዘመን እንዳገለገለች ለሚያውቅ ሰው ይህ ውሳኔ ትንሽ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ቮልስዋገን አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ የቀረበላቸው ከነዚያ ሁሉ የክብር መኪኖች አንዱ አልነበረም፤ ቮልስ ነበር። የፊተኛው ወንበር ታጥፎላቸው ከኋላ ገቡ። ያች መኪና ለብዙ ኢትዮጵያውያን የአንድ ዘመን መዝጊያ ምስል ሆና ቀርታለች። ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሄዱ አሉ። የእጅ ፍሬናቸው ይይዛል ወይ ከተባለ፣ መልሱ እንደ ባለቤቱ ነው።

በሽታውን የደበቀ

የድሮ መኪና የእጅ ፍሬን አልይዝ ሲል ምክንያቱ ብዙ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ምክንያቱን ሳይለዩ መፍታትና ማጥበቅ ሲጀመር ነው። የድሮ መካኒኮች መጀመሪያ ማንሻውን ይጠይቁት ነበር። ማንሻው ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣል።

አንደኛ፣ ማንሻው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ላይ ይመጣል። ይህ ወይ ሸራው ተበልቶ ከታምቡሩ ርቋል፣ ወይ ካቦው ተለጥጧል፣ አለዚያም ተበጥሷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ማንሻው ጠንክሮ ይቆማል፤ መኪናው ግን ይሄዳል። ካቦው በማቀፊያው ውስጥ ዝጎ ተጣብቋል፣ ወይም ሸራው ላይ ዘይት ፈሶበታል። ሦስተኛ፣ ይይዝና ማንሻው ራሱ ቀጭ ብሎ ይወርዳል። ይህ የሥር ማንሻ ጥርሶቹ መበላት ነው፤ ከኋላ ጎማ ጋር ጉዳይ የለውም።

ቀጥሎ የእግር ፍሬኑ ይጠየቃል። በአብዛኞቹ የድሮ መኪኖች የእጅ ፍሬኑና የእግር ፍሬኑ የኋላውን ሸራ ይጋራሉ። የእግሩም ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ችግሩ ካቦው ጋ ሳይሆን ታምቡሩ ውስጥ ነው።

ከዚያ መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎቹ በታኮ ይታገዳሉ፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተነሥተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣሉ። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር የሚገባ ሰው ዕድሜውን ጠልቷል። ማንሻው ሁለት ጥርስ ይሳብና ሁለቱ ጎማዎች በእጅ ይዞራሉ። አንዱ እምቢ ሲል ሌላው እንደ ልቡ የሚዞር ከሆነ፣ በሽተኛው የሚዞረው ነው።

የቮልስ መመሪያ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። መጀመሪያ የሚስተካከለው ከታች ነው። በታምቡሩ ወይም ከጀርባው ባለው ቀዳዳ ገብቶ ኮከብ መሰሉን ማስተካከያ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ማጥበቅ፣ ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ጥቂት ጥርስ መመለስ። ካቦው የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። ማንሻው ሥር ሁለት ካቦዎች፣ ሁለት ዳዶዎች አሉ፤ ለየጎማው አንድ። ሁለት ጥርስ ላይ ሁለቱም ጎማ እኩል መክበድ፣ አራት ጥርስ ላይ በእጅ ፈጽሞ አለመዞር አለባቸው።

በየመንገዱ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከታች መፍታት ጊዜ ይወስዳል፤ ከላይ ዳዶ ማጥበቅ አምስት ደቂቃ ነው። ካቦው ሲጠብቅ ማንሻው ይጠነክራል፤ ባለቤቱም "ተሠራልኝ" ብሎ ይሄዳል። ሸራው ግን እዚያው እንደተበላ ነው። ይባስ ብሎ፣ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ፍሬን ባላቸው መኪኖች ላይ ካቦውን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ማስተካከያው እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ሸራው ታምቡሩን እየታከከ ይሞቃል፣ ከወር በኋላም ማንሻው እንደገና ይላላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይህ አባባል ለጋራዥ የተነገረ አይመስልም እንጂ ለጋራዥ ይሠራል፤ ከጋራዥ ውጭም ይሠራል። የላላ ነገር ሁሉ ከላይ በማጥበቅ አይስተካከልም።

ዘይት የነካው ሸራም ቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ሸራው ይቀየራል፤ ከዚያ በፊት ዘይቱን ያፈሰሰው ይፈለጋል። የፈሰሰበትን ሳይደፍኑ ሸራ መቀየር ቀዳዳ ባለው እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

የአስቤስቶስ ነገርም እዚህ ይነሣል። የድሮ ሸራዎች ብዙዎቹ ይህ ነገር ነበረባቸው። ብሪታኒያ በ1999 አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ ያገደችው ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚገድል ነው። ታምቡር ከፍቶ አቧራውን በአፉ ወይም በአየር መንፊያ "እፍ" የሚለው ለማጁ ልጅ ይህን የነገረው ላይኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

23 ሚሊዮን ወረቀት

ጥገናን በወረቀት መተካት የደሃ አገር በሽታ ብቻ የሚመስለው ሰው የ1980ን (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ይመልከት።

በ1970ዎቹ ብዙ አሜሪካውያን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው የፎርድ መኪኖች ላይ አቤቱታ አቀረቡ። ሾፌሩ ማርሹን ማቆሚያው ላይ ያደረገ ይመስለዋል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ በር ሊከፍት ወይም ዕቃ ሊያወርድ ከኋላ ይዞራል፤ ማርሹ ወደ ኋላ መሄጃው ሸርተት ይላል፤ መኪናው በባለቤቱ ላይ ይመጣል። ሰዎች ሞቱ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች መረመሩ፤ በ1980 አጋማሽም ጉድለት አለ የሚል የመጀመሪያ ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

መኪኖቹን ጠርቶ ማስጠገን በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የጥገና ጥሪ ይሆን ነበር። ፎርድ ደግሞ በዚያው ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። በታኅሣሥ 1980 መጨረሻ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩና ኩባንያው ተስማሙ። ስምምነቱ ጥገና አልነበረም። ኩባንያው 23 ሚሊዮን ለሚሆኑ ባለ መኪኖች ተለጣፊ ወረቀት በፖስታ እንዲልክ ነበር። ወረቀቱ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ማርሹ ማቆሚያው ላይ መግባቱን አረጋግጥ፣ የእጅ ፍሬንህን ሙሉ በሙሉ ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋ።

ምክሩ ትክክል ነው፤ ማንም ሾፌር ሊያደርገው የሚገባ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። የማሽኑ ጉድለት በአንድ ሌሊት የሾፌሩ ኃላፊነት ሆነ። ሌላው ሁሉ ሲከዳ የተጠራው ደግሞ ማንም የማያስታውሰው አሮጌው የእጅ ፍሬን ነው።

ቦሎና ድንጋይ

ኢትዮጵያም የራሷ ተለጣፊ ወረቀት አላት፤ ቦሎ። ይህም ቃል ከጣሊያን ነው። በየዓመቱ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ይህ ወረቀት መኪናው ተመርምሮ ለመንገድ ብቁ መሆኑን ይመሰክራል። የእጅ ፍሬንም ከሚመረመሩት አንዱ ነው። ታዲያ ቦሎው የዘንድሮ ሆኖ ረዳቱ ድንጋይ ፍለጋ የሚሮጥ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ድንጋዩ ግን አይዋሽም።

ጉዳዩ ወደፊት የሚቀልም አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ በአውራ ጣት በሚጫን ቁልፍ ይቆማሉ። ነገር ግን አሮጌው መኪና ከመንገድ አልወጣም። የሚተካው ውድ ስለሆነ ዕድሜው ይራዘማል፤ ዕድሜው በተራዘመ ቁጥር ሸራው፣ ካቦውና ጥርሱ የበለጠ ጥገና ይፈልጋሉ። አሮጌ መኪና መንዳት ነውር አይደለም። ሳይጠግኑ መንዳት ነው ነውሩ።

እስኪጠገን ድረስ ያለው ጥንቃቄ የታወቀ ነው። ዳገት ላይ ሲቆም አንደኛ ማርሽ፣ ቁልቁለት ላይ የኋላ ማርሽ ማስገባት። ጎማውን ማጠፍ፦ ቁልቁለት ላይ ወደ ጠርዙ፣ ጠርዝ ያለበት ዳገት ላይ ከጠርዙ በተቃራኒ። ተስማሚ ታኮ ከመኪናው አለመለየት። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ ጥገናን አይተካም።

ድንጋዩስ? ሚኒባሱ ሲነሣ ረዳቱ ለመሳፈር ይሮጣል፤ ድንጋዩ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። በተበላሸ የጭነት መኪና ሥር የተደረደሩትም እንዲሁ። ሲመሽ በዚያው መንገድ በሞተር ብስክሌት የሚመጣ ሰው አለ። ያ ሰው የሚኒባሱን ባለቤት አያውቀውም፤ የላላውን ካቦ አላየም፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ቦሎም አላነበበም። እሱ የሚያገኘው ድንጋዩን ብቻ ነው።